ፕሮግራሙ የት ይቀመጥ? የቀድሞዎቹ ካልኩሌተሮችና ተጓዳኝ ዕቃዎቻቸው

ከእንጅባራ አቅራቢያ የሚገኘው ዘንገና ክብ ሊባል ጥቂት የቀረው የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው። ስፋቱን ማስላት ብንሻ በዳርቻው ዙሪያ ነጥቦችን ለይተን የእያንዳንዱን የምሥራቅና የሰሜን ርቀት እንመዘግባለን። ከዚያም የአንዱን ነጥብ ምሥራቅ በተከታዩ ሰሜን አባዝተን፣ የተከታዩ ምሥራቅ በአንዱ ሰሜን ተባዝቶ የሚሰጠውን እንቀንሳለን። ዙሩ ሲያልቅ የውጤቶቹ ድምር ግማሽ ስፋቱን ይሰጠናል።

ስንት ነጥብ ይበቃል? ለስሌት እንዲመች ሐይቁን ሬዲየሱ 500 ሜትር የሆነ ፍጹም ክብ አድርገን እንውሰድ፤ ስፋቱ 785,398 ካሬ ሜትር ይሆናል። በእኩል ርቀት የተቀመጡ 12 ነጥቦች 750,000 ይሰጡናል፤ ጉድለቱ 4.5 በመቶ ነው። 36 ነጥቦች ግን 781,417 ያደርሱናል፤ ጉድለቱ ወደ ግማሽ በመቶ ይወርዳል። ይህም 72 ማባዛት ማለት ነው፤ በእርሳስ ለሚሞክረው ብርታቱን ይስጠው!

እንዲህ ያለውን ድግግሞሽ በፕሮግራም የሚሠሩ የኪስ ካልኩሌተሮች በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጡ። ሆኖም በ1977 የወጣው ቲአይ-58 ሲጠፋ ፕሮግራሙም አብሮ ይጠፋ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ቲአይ-59 ማግኔታዊ ካርድ አንባቢ ነበረው፤ የካርዱ አንድ ገጽ 240 የፕሮግራም እርምጃዎችን ይይዛል። በ1979 የወጣው ኤችፒ-41ሲ ደግሞ ቢጠፋም ትውስታውን አይለቅም። በአናቱ ካሉት አራት መሰኪያዎች ላይ ካርድ አንባቢ፣ ተጨማሪ ትውስታ፣ ማተሚያ ወይም ባርኮድ ማንበቢያ ብዕር ይሰካበታል።

ዛሬ ከእነዚህ ማሽኖች አንዱ እጃችን ቢገባ፣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚበላሸው ተጓዳኝ ዕቃው ነው። ካርዱን ጎትቶ የሚያስገባው ትንሽ የጎማ መንኮራኩር ከዘመን ብዛት እንደ ሬንጅ ይለጠፋል። ሳይታይ ካርድ ከተሰጠው ማግኔታዊውን ገጽ ያበላሸዋል፤ በዚያ ካርድ ላይ ብቻ የነበረ ፕሮግራምም አይመለስም። የኒኬል-ካድሚየም ባትሪውም ያፈሳል። ብዙዎቻችን «አሲድ ፈሰሰ» እንላለን፤ ፈሳሹ ግን ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ማለትም ቤዝ ነው። ስለዚህ ጓንት አድርገን፣ ባትሪውን አውጥተን፣ ኮምጣጤ በነካ ጥጥ ብረቱን እናጸዳለን፤ ካድሚየም መርዛማ ነውና ባትሪውን አንከፍተውም።

መንኮራኩሩ ተቀይሮ ካርዱ ከተነበበ ፕሮግራሙን እርምጃ በእርምጃ በእስክሪብቶ እንገልብጥ። ማተሚያው ያለው ሰውም ቢሆን ከዚህ አይድንም፤ በሙቀት የሚጻፍበት ወረቀት በሙቀትና በብርሃን ይደበዝዛል።