ከትምህርት ቀርቶ ስለሚመለስ ልጅ፤ በመንዝ፥ በግሼና በመርሐ ቤቴ ለሚያስተምሩ መምህራን ምክር

በመንዝና በግሼ ደጋ፥ በመርሐ ቤቴም ደጋና ቆላ ለሚያስተምር መምህር ከሁሉ የሚከብደው ሥራ ፊደል ማስቈጠር ወይም ሒሳብ ማስረዳት አይደለም፤ አንድ ወር ቀርቶ የተመለሰውን ልጅ በትምህርቱ ማጽናት ነው። ልጁ በመስከረም ከባልንጀሮቹ ጋር ይመዘገባል፤ አዝመራው በደረሰ ጊዜ ይቀራል፤ በተመለሰም ጊዜ ባልንጀሮቹ ቀድመውት ያገኛቸዋል። በዚያች ቀን ቢሰደብና ቢያፍር ሁለተኛ አይመጣም፤ ስሙ በመዝገብ ላይ ይቀራል እንጂ ልጁ ጠፍቷል። በመልካም ፊት ቢቀበሉት ግን ይጸናል። ስለዚህ የመምህር ብልኀት በመጣው ልጅ ብቻ ሳይሆን በቀረውም ልጅ ይታወቃል።

አስቀድሞ ልጁ የቀረበትን ምክንያት መመርመር ይገባል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ስንፍና አይደለም፤ የአገሩ ሥራ ነው። የመንዝና የግሼ ገበሬ ኑሮው በገብስና በበግ ነው። በጉን የሚጠብቀው ወንዱ ልጅ ነው፤ ኩበት የምትለቅመው፥ ውሃም የምትቀዳው ሴቲቱ ልጅ ናት። በመርሐ ቤቴም ቆላ ማሽላው ባሸተ ጊዜ ወፉን የሚያባርር ልጅ ነው፤ ወንዙ በክረምት ሞልቶ ሳይጎድል በቆየ ጊዜም ማዶ ያለው ልጅ ሊሻገር አይችልም። መምህሩ እንዲህ ያለውን ወራት ከአገሩ ሽማግሌዎች ጠይቆ በመዝገቡ ቢጽፍ፥ ማን በየትኛው ወር እንደሚቀር አስቀድሞ ያውቃል። ይህንም ካወቀ ከባዱን አዲስ ትምህርት ልጆች በብዛት በሚገኙበት ሳምንት ያደርገዋል፤ አጨዳና ውቂያ በበዛበት ሳምንት ግን ያለፈውን ይከልሳል።

ሁለተኛው ነገር ወደ ቤቱ መሄድ ነው። ልጁ 3 ቀን በተከታታይ ቢቀር መምህሩ ይጠይቅለት። ወደ ቤቱም ሲገባ እንደ ከሳሽ ሳይሆን እንደ ዘመድ ይግባ። አባቱን በጎረቤት ፊት አይውቀስ፤ እናቱንም ሳያማክር አይውጣ፤ የቤቱን ሥራ ከፋፍላ የምትሰጥ እርሷ ናትና። «ልጅዎን ስለ ምን አስቀሩት?» ከማለት ይልቅ «አባቴ፥ በየትኛው ቀን ሊለቁልን ይችላሉ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በአንድ ቤት 2 ልጆች ቢኖሩ እረኝነቱን በተራ ይያዙ፤ የዋለውም ለቀረው የተማረውን ማታ ያስጠናው። 5 ጎረቤቶች ተስማምተው መንጋቸውን በአንድነት ቢያስጠብቁ ደግሞ፥ በ5ቱ የትምህርት ቀን እያንዳንዱ ልጅ የሚቀረው 1 ቀን ብቻ ይሆናል። ለሴቶች ልጆችም ውሃ መቅዳቱን ከወንድሞቻቸው ጋር ቢካፈሉ እንዲሁ ይቃለልላቸዋል።

ይህን ምክር ሕዝቡ ከመምህሩ ይልቅ በሰንበቴና በዕድር ላይ ከሽማግሌ አፍ ቢሰማው ፈጥኖ ይቀበለዋል። የመንዝ ሽማግሌዎችም ተስማምቶ መጠበቅን ከሌላ አገር ሊማሩ አያስፈልጋቸውም። አባቶቻቸው የጓሳን ሣር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ሣሩ ለጥቂት ዓመታት ተከልክሎ ይቆይ ነበር፤ ባደገም ጊዜ ለቤት ክዳንና ለገመድ እንዲታጨድ ይፈቀድ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ሐምሌ 5 ቀን በሐዋርያት በዓል እንደ ገና ይዘጋ ነበር። በ1967 ዓ.ም የገጠር መሬት ዐዋጅ በወጣ ጊዜ ይህ የቆየ ሥርዓት ፈረሰ፤ ሕዝቡ ግን ኋላ ደንቡን አድሶ መልሶ አቆመው፥ ጓሳም ዛሬ በአገሩ ሰው ይጠበቃል። ዛሬ ያልታጨደ ሣር የነገ ክዳን መሆኑን የሚያውቅ ሕዝብ፥ ዛሬ ከእረኝነት የተፈታ ልጅም የነገ ምሰሶ መሆኑን ቢያስረዱት ያስተውላል።

ሦስተኛው ነገር ልጁ የተመለሰ ዕለት የሚደረገው ነው። መምህሩ ለእያንዳንዱ ልጅ የትምህርቱን ማቆሚያ በአንድ መስመር ጽፎ ያኑር፤ ያን ጊዜ ከየት እንደሚጀምርለት አይቸገርም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ቀድሞ የተማረው ጀማሪውን ማስቈጠሩ የቆየ ልማድ ነውና፥ ከዚያ ወስዶ አንድ ጎበዝ ተማሪ ከጎኑ ያስቀምጥለት። አስጠኚውም በማስጠናቱ ይበልጥ ያውቃል። በሜዳ የከረመ ልጅ ባዶውን እንደ መጣ ሊቈጠር አይገባም። «ከ43 በጎች 17ቱ ግልገሎች ቢሆኑ ሌሎቹ ስንት ናቸው?» ብለው ቢጠይቁት፥ መንጋውን ማታ ማታ ቈጥሮ የሚያስገባ ነውና 26 ብሎ ለመመለስ ከሌሎቹ አያንስም። በባልንጀሮቹ ፊት አንድ ጊዜ ቢመሰገን የአንድ ወሩ እፍረት ይለቀዋል። በአለንጋ መቀበል ግን ልጁን መልሶ ወደ ሜዳ መስደድ ነው፤ በ1987 ዓ.ም የጸናው ሕገ መንግሥትም በ36ኛው አንቀጽ ልጆች በትምህርት ቤት በአካላቸው እንዳይቀጡ ደንግጓል።

በብርዱ ተራራ ላይ ከዘመድ ርቆ በጥቂት መጻሕፍት የሚያስተምር መምህር የድካሙ ፍሬ የዘገየ መስሎት እንዳያዝን ይህን ያስብ። አገርም እንደ ልጅ ከትምህርት ቀርታ ታውቃለች። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የትምህርት ሚኒስቴርም ተቋቋመ፤ ነገር ግን በ1928 ዓ.ም ጠላት አገሩን በያዘ ጊዜ የተጀመረው ሁሉ ተቋረጠ። በ1933 ዓ.ም ነጻነት ሲመለስ ትምህርት ቤቶቹ እንደ ገና ተከፈቱ። በ1971 ዓ.ም በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በልጅነታቸው ፊደል ያልቈጠሩ ገበሬዎችና ባልቴቶች ሸምግለው ማንበብ ተማሩ። እንግዲህ የዘገየ ሁሉ የጠፋ አይደለም፤ ቆሞ የሚጠብቀው መምህር ካገኘ ይደርሳል።

ስለዚህ መምህሩ በየሳምንቱ ዐርብ መዝገቡን ከመዝጋቱ በፊት የቀሩትን ልጆች ስም ያንብብ፤ ከእነርሱም አንዱን መርጦ፥ ቅዳሜ ወይም እሑድ ወላጆቹን በገበያ ወይም በቤተ ክርስቲያን ደጅ ፈልጎ ያነጋግር።