የፈረንሳይኛን ግሥ በጆሮ መክፈል

በፈረንሳይኛ የቃል ፈተና ላይ የብዙ ተማሪ አፍ የሚተሳሰረው ግሥ ማርባት አቅቶት አይደለም፤ ጻፍ ቢሉት ይጽፋል። እኔ እንደሚመስለኝ ችግሩ የተጻፈውን ሁሉ ለማንበብ መሞከሩ ነው።

«መናገር» የሚለውን ግሥ እንውሰድ። «እናገራለሁ»፣ «ትናገራለህ»፣ «ይናገራል»፣ «ይናገራሉ» ስንል ግሡ በድምፅ ያው «ፓርል» ነው። «ይናገራሉ» መጨረሻው ላይ ኧ፣ ኤን፣ ቴ የሚባሉ ሦስት ፊደላት አሉት፤ አንዳቸውም አይሰሙም። በጽሑፍ ቃሉ ለሁለት ይከፈላል፤ በአፍ ግን አንድ ቀለም ነው። «ለገሃር» ያሉ ወገኖቻችን ይህን በጆሯቸው ለይተውታል። ባቡር ጣቢያው «ላ ጋር» ሲባል ሰሙ፤ መጨረሻ ላይ የምትጻፈዋን ኧ ማን አይቷት!

እነዚያው ሦስት ፊደላት በስም ላይ ሲመጡ ግን ይሰማሉ። «ኩቫን» የሴት መነኮሳት ገዳም ነው፤ በዚያው አጻጻፍ «ኩቭ» ሲባል ደግሞ ዶሮዎች እንቁላል ታቀፉ እንደማለት ነው። ለእኛ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ «አለ» ጠብቆና ላልቶ ሲነበብ ትርጉሙ ይለያይ የለም እንዴ?

ዋናው ጣጣ «መጥራት» ላይ ነው። «እንጠራለን» ሲባል አንድ ኤል፣ «እጠራለሁ» ሲባል ሁለት ኤል ይጻፋል። የአማርኛ ተናጋሪ ሁለት ኤል ሲያይ ማጥበቅ ያምረዋል፤ ግን አይጠብቅም። ነገሩ እንዲህ ነው። «ኑዛፕሎን» (እንጠራለን) ሲባል ቀጥሎ «ሎን» የሚል ቀለም ስላለ፣ ከፒዋ ኋላ ያለችው ኧ እንደ እኛ ሳድስ ትሳሳለች፤ ብዙ ጊዜም ትጠፋለች። «ዣፔል» (እጠራለሁ) ሲባል ግን መጨረሻው ስለማይሰማ ኤሏ ወደ ኋላ ተስባ ቀለሙን ትዘጋለች። ዝግ የሆነ የመጨረሻ ቀለም ደግሞ ሳሳ ያለችውን ኧ አይሸከምም፤ ኤ ትሆናለች። ድርቡ ፊደል የሚነግረን ስለ ራሱ ሳይሆን ከፊቱ ስላለው አናባቢ ነው። «መግዛት» ላይ («ዣሼት») ይኸው ሥራ በምልክት ይሠራል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1990 የወጣው የአጻጻፍ ማሻሻያ ለአብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ግሦች ምልክቱን ፈቅዷል፤ «መጥራት»ና «መጣል» ከነዘመዶቻቸው ግን በድርቡ ቀርተዋል።

«ይናገራል»ና «ይናገራሉ» «ኢል ፓርል» ላይ በጆሮ አይለዩም። በአናባቢ የሚጀምር ግሥ ሲመጣ ግን ይለያሉ፦ «ኢላሪቭ» እሱ ይደርሳል፣ «ኢልዛሪቭ» እነሱ ይደርሳሉ። ቃል ሲያስጽፉን ያቺን ዝ ማድመጥ ነው።