የእጅ ስልክ ለዕለት ኑሮና ለቤተ መጻሕፍት ሥራ፤ ተሞክሮ የታየ

መተግበሪያ የሚባለው፣ ሰው በልማድ አፕ የሚለው ሲሆን፣ በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቶ አንድ የተወሰነ ሥራ እንዲሠራ የተዘጋጀ የትእዛዝ ክምችት ነው። አንዱ ሒሳብ ያሰላል፤ አንዱ ቀን ይቈጥራል፤ አንዱ ገንዘብ ያስተላልፋል፤ ሌላውም መጽሐፍ ይመዘግባል። ስልኩ አንድ ሆኖ ሳለ ሥራው ብዙ የሆነበት ምክንያት ይህ ነው። ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝም በወገዳ በምንማርበት ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ክበብ አባሎች የሆንን አምስት ተማሪዎች መጻሕፍቱን በስልክ ለመመዝገብ ዘንድሮ ያደረግነው ሙከራ ነው። ነገር ግን መሣሪያውን በመጽሐፍ ላይ ከመሞከራችን አስቀድሞ በራሳችን ኑሮ ላይ ስለ ሞከርነው ከዚያ እነሣለሁ።

ከውጭ አገር ተሠርቶ የሚመጣ ስልክ ሰዓቱን የሚቈጥረው ከእኩለ ሌሊትና ከእኩለ ቀን ጀምሮ ነው። እኛ ግን የቀኑን ሰዓት ከንጋት፣ የሌሊቱን ከምሽት ጀምረን እንቈጥራለን። ስለዚህ በስልኩና በእኛ መካከል ሁልጊዜ የ6 ሰዓት ልዩነት አለ። ይህን እያወቅሁ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቼ ላጥና ብዬ መቀስቀሻውን 11 ላይ አደረግሁት። ሌሊቱን ዝም ብሎ አደረና በማግሥቱ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ከእናቴ ጋር ገበያ መካከል ቆሜ ሳለሁ ጮኸ። ስልኩ አልተሳሳተም፤ የእርሱ 11 የእኛ 5 ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ጥናቱም በዚያው ቀረ።

የዘመን መቍጠሪያ መተግበሪያዎችም ብዙ ናቸው። ከእነርሱ መካከል ደኅናውን ለመለየት እኛ ያገኘነው ቀላል ፈተና ጳጕሜንን መጠየቅ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍለን 3 ከተረፈ የዚያ ዓመት ጳጕሜን 6 ቀን ትሆናለች፤ ይኸውም ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ነው። 2015ን ለ4 ብናካፍል 3 ይተርፋል፤ የ2019 ዓ.ም. ጳጕሜንም እንዲሁ 6 ቀን ናት። ይህን ሳያውቅ 5 ቀን ብቻ የሚያሳይ መተግበሪያ በሌላው ቀን ቢታመን አይገባም። ስለ ገንዘብ ማስተላለፊያው ብዙ አልጽፍም። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. የጀመረው ቴሌብር *127# ተብሎ ሲደወል በተራ ስልክም ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ፣ ከቤተ ሰቡ ርቆ ቤት ተከራይቶ ለሚማር ልጅ ጥቅሙ ሳይነገር ይታወቃል።

ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ልመለስ። መጽሐፍ የሚመዘግበው መተግበሪያ የሚሠራው በስልኩ ካሜራ ነው። በመጽሐፉ ጀርባ ላይ ትይዩ የሆኑ ጥቋቁር መስመሮች አሉ፤ አብሯቸውም 13 አኃዝ ያለው ቍጥር ይጻፋል። ይህ ቍጥር አይ.ኤስ.ቢ.ኤን. ይባላል፤ ትርጓሜውም ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ መለያ ቍጥር ማለት ነው። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1970 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ የወጣ ሲሆን፣ በመጀመሪያ 10 አኃዝ ነበረው፤ ከ2007 ወዲህ 13 ሆኗል። በኢትዮጵያ ለሚታተሙ መጻሕፍት ከተሰጡት መለያዎች አንዱ ከ978 ቀጥሎ የሚመጣው 99944 ነው።

የቍጥሩ መጨረሻ አኃዝ መርማሪ ነው። ይህንንም ለማስረዳት 978-0-306-40615-7 የሚለውን እንውሰድ። የመጀመሪያዎቹን 12 አኃዞች አንዱን በ1 ቀጣዩን በ3 እያፈራረቅን አባዝተን እንደምራቸው፤ 9፣ 21፣ 8፣ 0፣ 3፣ 0፣ 6፣ 12፣ 0፣ 18፣ 1 እና 15 ይሆናሉ። ድምሩ 93 ነው። ወደሚቀጥለው ሙሉ አሥር፣ ማለት ወደ 100 ለመድረስ 7 ይጐድለዋል። የመጨረሻው አኃዝም 7 ነው። ስለዚህ ጸሓፊው ከአኃዞቹ አንዱን እንኳ ቢለውጥ ድምሩ አይገጥምም፤ ስልኩም ስሕተት መኖሩን ወዲያው ያውቃል። እጅግ ያስደሰተኝ ይህ ሒሳብ ነው። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ስለ ቀሪ ስንማር ምን ይሠራል ብለን የጠየቅነው ጥያቄ መልሱን በመጽሐፍ ጀርባ ላይ አገኘ።

ይሁን እንጂ ለሙከራ ካወጣናቸው 40 የአማርኛ መጻሕፍት መካከል የሚበዙት ይህ ቍጥር የላቸውም። ቍጥሩ ከመፈጠሩ በፊት የታተመ መጽሐፍ ሊኖረው አይችልም፤ ከዚያ በኋላ ከታተሙትም ብዙዎቹ ሳይወስዱት ቀርተዋል። ቍጥር ያላቸውንም ካሜራው አንብቦ ሲያበቃ «አልተገኘም» የሚል መልስ ሰጠ፤ የሚፈልገው ውጭ አገር በተሰበሰበ ዝርዝር ውስጥ ነውና። በእንግሊዝኛ የተጻፉትን የሳይንስ መጻሕፍት ግን ስማቸውን፣ ደራሲያቸውንና የሽፋናቸውን ሥዕል ሳይቀር በቅጽበት አመጣ። ስለዚህ የአማርኛዎቹን በእጃችን እየጻፍን ማስገባት ግድ ሆነብን፤ ዋናው ችግርም የተነሣው በዚህ ጊዜ ነው።

ከክፍላችን ተማሪዎች አንዲቱ ከገጠር መጥታ በከተማው ቤት ተከራይታ የምትኖርና ስንቋ በየሳምንቱ ከቤቷ የሚመጣላት ናት። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ተዋሰች፤ በቀኑም መለሰች። ሲያወጣ የመዘገበው ልጅ ደራሲውን «ሐዲስ ዓለማየሁ» ብሎ ጽፎ ነበር። ሲመለስ የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ «ሀዲስ አለማየሁ» ብዬ ፈለግሁ። ስልኩ የለም አለኝ። እኔም ገና ያልተመዘገበ መጽሐፍ መስሎኝ እንደ አዲስ አስገባሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ መተግበሪያው መጽሐፉ አልተመለሰም ብሎ ስሟን አወጣ፤ ዋጋውን እንድትከፍልም ተጠየቀች። መልሻለሁ ብትል የሚያምናት አልተገኘም፤ ስልክ አይዋሽም ተባለ። እርሷም ለማልቀስ ምንም አልቀራት። በመጨረሻ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ራሳቸው ወደ መደርደሪያው ሄደው ሲያዩ መጽሐፉ በቦታው ተቀምጦ ተገኘ። ጥፋቱ የእኔ ስለ ነበረ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እርሷም ይቅር አለችኝ፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ስትመልስ በወረቀት ላይ ሳላስፈርም አልሄድም ትላለች። አልፈርድባትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለእኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ በንባብ አንድ ድምፅ ናቸው። ለስልኩ ግን ፊደል ቍጥር ነው። ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ፣ የእኛ ፊደል በፈረንጅ አቈጣጠር በ1999 ሲገባ፣ ለእያንዳንዱ ሆሄ የየራሱ ቍጥር ተሰጥቶታል። ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736 ነው። እንዲሁም ሠ 4640 ሲሆን ሰ 4656፤ አ 4768 ሲሆን ዐ 4816 ነው። ስለዚህ ሐዲስና ሀዲስ ለስልኩ እንደ ከበደና አበበ የተለያዩ ሁለት ሰዎች ናቸው። ይህ አንድ ስም በስንት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል ብለን አሰላን። የመጀመሪያው ሆሄ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ቢሆን 6፤ ስ ወይም ሥ 2፤ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ 4፤ የመጨረሻው ሁ፣ ሑ፣ ኁ 3 ነው። 6 በ2፣ በ4 እና በ3 ሲባዛ 144 ይሆናል። የሚበዙትን ሰው እንደማይጽፋቸው ግልጥ ነው፤ ዳሩ ግን ከ144 መንገድ አንዱን ብቻ የሚያውቅ መሣሪያ ጠባቂ ሊሆን እንዴት ይቻለዋል?

መድኃኒቱን ለማግኘት ስንከራከር አንዱ ጓደኛችን ሁሉንም በአንድ ሆሄ ጽፈን እንገላገል አለ። የአማርኛ መምህራችን ይህን ሲሰሙ አልወደዱትም። ሠዐለ ሥዕል መሣል፣ ሰአለ መለመን እንደ ሆነ አስረድተው፣ ደራሲ ስሙን እንደ ጻፈ መጻፍ ይገባል አሉ። እኔም ከእርሳቸው ጋር ነኝ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ሁለት መስመር አደረግን። በመጀመሪያው መስመር ስሙ በሽፋኑ ላይ እንደ ታተመ ሳይለወጥ ይጻፋል። በሁለተኛው፣ «መፈለጊያ» ባልነው መስመር፣ ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ተመልሰው ይጻፋሉ፤ ሃና ኣም እንደዚሁ ወደ ሀና ወደ አ ይገባሉ። በቃሎች መካከል ያለውም ክፍት ቦታ ይዘጋል፤ አንዱ «ቤተ መጻሕፍት» ሌላው «ቤተመጻሕፍት» እያለ ይጽፋልና። የሚፈልገውም ሰው በዚሁ ደንብ ይጽፋል። ከዚያ ወዲህ 40ዎቹን መጻሕፍት ሦስት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ሌላ ሰው እየፈለጋቸው፣ አንድም አልጠፋብንም።

ሁለተኛው እንቅፋት የስም አቀማመጥ ነው። መተግበሪያው የደራሲውን ስም የሚያስቀምጠው የመጨረሻውን ቃል የቤተ ሰብ ስም አድርጎ ነው። በእኛ አገር ግን የአባት ስም የአባት ስም ነው እንጂ የቤተ ሰብ መጠሪያ አይደለም፤ ሰውም የሚጠራው በራሱ ስም ነው። በ1931 ዓ.ም. በስደት ሳሉ በእንግሊዝ አገር ያረፉት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ሥላሴ፣ ኅሩይ ወልደ» ተብለው በሠ ተራ ገቡ። እርሳቸው ራሳቸው በአገራችን የሚገኙትን የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር አዘጋጅተው ያሳተሙ ሰው ናቸው፤ ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ይሆን? ተክለ ጻድቅ መኩሪያም በመ ተራ ተገኙ። መላው ቀላል ነው፤ ሙሉ ስሙን በአንደኛው ሣጥን ውስጥ ጽፎ ሌላውን ባዶ መተው ነው። ባዶ አልቀበልም የሚል መተግበሪያ ቢያጋጥም ሌላ መፈለግ ይሻላል።

የኅትመት ዓመትም እንዲሁ ያሳስታል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በመጀመሪያ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ይህን ቍጥር እንዳለ ብናስገባው ስልኩ የፈረንጅ 1958 አድርጎ ይወስደዋል፤ የእኛ 1958 ግን በእነርሱ ከ1965 መስከረም እስከ 1966 መስከረም ያለው ነው። ስለዚህ ከቍጥሩ ጐን ዓ.ም. ብለን እንጽፋለን።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ሲያበቃ የቀረው ትልቁ ጥያቄ፣ ኢንተርኔት የጠፋ ዕለት ምን ይሆናል የሚል ነበር። ይህ ለእኛ ከሩቅ የሚፈራ ነገር አይደለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ በብዙ ቦታ አንድ ዓመት ገደማ ቈይቷል። ችግሩም የእኛ ብቻ አይደለም። ከበሽሎ ማዶ ካለችው ከመቅደላ የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ከወሰዳቸው የብራና መጻሕፍት 350 ያህሉ የሚገኙበት የለንደኑ ብሪቲሽ ላይብረሪ፣ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በኮምፒዩተር ወንበዴዎች ተጠቅቶ፣ የመጻሕፍቱ ዝርዝር ለአንባቢ በኢንተርኔት ተመልሶ የተከፈተው በጥር ወር ነበር። ያን ያህል ሀብት ያለው ቤት ሦስት ወር ያህል ዝርዝሩ ከተዘጋበት፣ የእኛማ እንዴት ይሆን?

በዚህ ምክንያት ከሞከርናቸው አራት የመመዝገቢያ መተግበሪያዎች መካከል ሦስቱን ተውናቸው፤ መዝገቡን የሚያኖሩት በሩቅ አገር ባለ ኮምፒዩተር እንጂ በስልኩ ውስጥ አልነበረምና። ያስቀረነው አራተኛው መልኩ የማያምር ቢሆንም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ መዝገቡንም በሠንጠረዥ መልክ አውጥቶ ይሰጣል። ለንባብም ኪዊክስ የሚባለውን መረጥን። ይህ መተግበሪያ ዊኪፔዲያን አንድ ጊዜ ካወረዱት በኋላ ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብብ ሲሆን፣ ክፍያ የለውም፤ ፋይሉም ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ይተላለፋል። የእንግሊዝኛው ሙሉ ፋይል እጅግ ትልቅ ስለ ሆነ የአማርኛውንና ከእንግሊዝኛው የተመረጠውን ትንሹን ብቻ ወስደናል።

የወረቀቱ ካርድ ግን አልተጣለም። በየሳምንቱ ዓርብ አዲስ የገባው ሁሉ ከስልኩ እየተገለበጠ በካርድ ላይ ይጻፋል፤ ተበዳሪውም በወረቀት ይፈርማል፤ ይህንም ያስጀመረችው ከላይ የጠቀስኳት ተማሪ ናት። እስካሁን የተመዘገቡት የአማርኛ ልብ ወለድና የታሪክ መደርደሪያዎች ብቻ ናቸው። የግእዝና የሃይማኖት መጻሕፍት፣ ሽፋናቸው የተገነጠለና የደራሲያቸው ስም የማይታወቅ ብዙ ስላሉባቸው፣ ለሚመጣው ዓመት ተማሪዎች ቀርተዋል። የመፈለጊያው ደንብ የተጻፈበት ወረቀት በኃላፊው ጠረጴዛ መስተዋት ሥር ይገኛል።