በስሙ እንጥራው
ስለ ጽኑ የአእምሮ ሕመምና ስለ ሕሙማን አያያዝ የተሰጠ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ሥጋው ለታመመ ሰው ማዘን ለማናችንም አስቸጋሪ አይደለም። እግሩ የተሰበረውን ደግፈን እናሳልፈዋለን፤ ዐይኑ የጠፋውን በትሩን ይዘን እንመራዋለን። አእምሮው የታመመ ሰው በመንገድ ባለፈ ጊዜ ግን ሕፃናት ድንጋይ ያነሣሉ፤ ጐልማሶች ገመድ ይፈልጋሉ፤ እኛም ካህናቱ ብዙ ጊዜ ሳንመረምር እንፈርዳለን። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን ሐኪሞች ስኪዞፍሬንያ ብለው ስለሚጠሩት ሕመም፣ በሰው እኔነት ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳትና ከእኛ ስለሚጠበቀው ርኅራኄ እንናገራለን።

ሀ. ሕመሙ ምን እንደ ሆነ

ስኪዞፍሬንያ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1908 ያወጣው ኦይገን ብሎይለር የተባለ የስዊስ አገር ሐኪም ነው። ስሙም በግሪክ ቋንቋ መከፈልና ልቡና ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገጣጠመ ነው። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰዎች በአንድ ሰው ውስጥ ሁለት ሰዎች የሚኖሩ ይመስላቸዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሐኪሙ መከፈል ያለው፣ ተባብረው መሥራት የሚገባቸው ሐሳብና ስሜት እርስ በርሳቸው መለያየታቸውን ነው።

ጤነኛ ሰው አንድ ነገር ባሰበ ጊዜ ይህን ያሰብሁት እኔ ነኝን? ብሎ አይጠይቅም፤ ሳይጠይቅ ያውቀዋልና። በዚህ ሕመም የተያዘ ሰው ግን ይኸው ሳይጠየቅ የሚታወቀው ነገር ይናወጥበታል። የገዛ ሐሳቡን ሌላ ሰው ያስገባበት፣ በልቡ ያሰበውንም ሰው ሁሉ የሰማበት ይመስለዋል። እጁን ባነሣ ጊዜ ሌላ ኀይል ያነሣው ይመስለዋል። ማንም ሳይናገር ድምፅ ይሰማል፤ ድምፁም ብዙ ጊዜ ይሰድበዋል፣ ያዘዋልም። መንገደኛ ቢስል፣ ራዲዮ ቢናገር፣ ስለ እርሱ የተላለፈ ምልክት ነው ብሎ ይፈራል። ከዚህም ሌላ ከሰው የሚያርቅ፣ ሥራንና ንጽሕናን የሚያስተው ድካም አለ፤ ይህንንም ቤተ ሰቡ ስንፍና ይሉታል።

ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በወጣትነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 በመላው ዓለም 24 ሚሊዮን ያህል ሰዎች፣ ይኸውም ከ300 ሰው አንዱ፣ በዚህ ሕመም እንደ ተያዙ ገልጾ ነበር። መንሥኤው አንድ ብቻ አይደለም። የዘር ውርስ፣ በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ የሚደርስ ጉዳት፣ ብርቱ የኑሮ ጭንቀት፣ እንደ ሐሺሽ ያሉ አደንዛዥ ዕፆች እየተደራረቡ ያመጡታል። ነገር ግን የወላጆች ክፉ አስተዳደግ ያመጣው አይደለም። ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው እርሱ ነውን ወይስ ወላጆቹ የበደሉት ብለው በጠየቁ ጊዜ ጌታችን ሁለቱንም እንዳልተቀበለ በዮሐንስ ወንጌል በ9ኛው ምዕራፍ ተጽፏል፤ እኛም ልጇ በታመመባት እናት ላይ ሌላ ሸክም ልንጭንባት አይገባንም።

ለ. ከራሴ ስሕተት የተማርሁት

በቅኔ ቤት ሳለሁ ዕድሜው ወደ 20 ዓመት የሚጠጋ አንድ ባልንጀራ ነበረኝ። ቅኔ በመቍጠር ከሁላችን ይበልጥ ነበር። በአንድ ክረምት ከጎጆው መውጣት ተወ፤ ሌሊትም ጠያቂ ሳይኖር ለብቻው መልስ ይሰጥ ጀመር። አንዳንዶቹ አብሾ ጠጥቶ ነው አሉ፤ ሌሎቹም መተት ነው አሉ። እጁን አስረን ወደ ጠበል ወሰድነው። እኔም በዚያን ጊዜ ወጣት ዲያቆን ነበርሁና ከያዙት ሰዎች ጋር ሆኜ «አንተ ማነህ? ስምህን ተናገር!» እያልሁ ጮኽሁበት። እርሱም ዐይን ዐይኔን እያየ «እኔስ ማን እንደ ሆንሁ አንተ ንገረኝ» አለኝ። እኛ ግን ይህ የጋኔን ተንኰል ነው ብለን ገመዱን አጠበቅን።

በሦስተኛው ቀን እናቱ ከሩቅ አገር ደረሰች። ምንም ሳትጠይቅ በአጠገቡ ተቀምጣ በክርስትና ስሙ ደጋግማ ጠራችው። ያን ጊዜ ቀና ብሎ «እማዬ» አላት። በሽታው በዚያ ሰዓት ለቀቀው ማለቴ አይደለም፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት ታሟል። ነገር ግን እኛ ስንጮኽበት ያጣነውን ሰው እርሷ በስሙ አገኘችው። ዛሬ ነገሩን ሳስበው፣ የገዛ ሐሳቡ የእርሱ መሆኑን ለተጠራጠረ ሰው «አንተ አንተ አይደለህም» ብሎ መጮኽ ቍስሉን በእንጨት እንደ መጓጐጥ ያለ ነው።

ሐ. ባሕርያተ ነፍስ አይጠፉም

ሊቃውንት አባቶቻችን ሰው ከሰባት ባሕርያት እንደ ተፈጠረ ያስተምራሉ፤ ይኸውም ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት፣ ከሦስቱም ባሕርያተ ነፍስ ከለባዊነት፣ ከነባቢነትና ከሕያውነት ነው። እንግዲህ አንድ ሰው የተናገረው ባልተያያዘ፣ ያሰበውም በተናወጠ ጊዜ፣ ለባዊነቱና ነባቢነቱ ጠፉን? ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ አልጠፉም ብለን እንመልሳለን። ነፍስ በሥጋ መሣሪያነት ትሠራለችና። የበገናው አውታር በላላ ጊዜ ዜማው ይበላሻል፤ ደርዳሪው ግን ሞያውን አልረሳም። አንጎል የሥጋ ክፍል ስለ ሆነ እንደ ልብና እንደ ኩላሊት ይታመማል። አርአያ ሥላሴ ግን በበሽታ አይፋቅም፤ የጥምቀት ልጅነትም በበሽታ አይሻርም።

መ. ስለ አጋንንት የሚነሣ ጥያቄ

በቅዱስ ወንጌል አጋንንት ያደሩባቸው ሰዎች እንደ ነበሩ ተጽፏልና ይህን አንክድም። ነገር ግን መጽሐፉን አስተውለን እንመልከት። በማቴዎስ ወንጌል በ4ኛው ምዕራፍ ወደ ጌታችን የመጡት ሕሙማን ሲዘረዘሩ አጋንንት ያደሩባቸው ለብቻ፣ በጨረቃ የሚታመሙትም ለብቻ ተጠቅሰዋል። በ17ኛው ምዕራፍ ደግሞ በጨረቃ የሚታመመው ልጅ ጋኔን እንደ ነበረበት እናነባለን። ስለዚህ የውጭ ምልክቱ አንድ ሲሆን ምክንያቱ ሊለያይ ይችላል፤ ልብን የሚመረምር ጌታ ያወቀውን እኛ ከምልክት ብቻ ተነሥተን አውቀናል ብንል ድፍረት ይሆንብናል።

በጌርጌሴኖን አገር የነበረውንም ሰው እናስብ። የአገሩ ሰዎች በሰንሰለት አስረውት ነበር፤ ሰንሰለቱም አላዳነውም። ጌታችን ግን አላሰረውም፤ ካዳነውም በኋላ ልብሱን ለብሶ፣ አእምሮው ተመልሶለት ተቀመጠ፤ ወደ ቤቱና ወደ ዘመዶቹም ተላከ። እንግዲህ የመዳን ፍጻሜው ወደ ራስና ወደ ወገን መመለስ እንደ ሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ሠ. ምን ልናደርግ ይገባናል?

አንደኛ፤ ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትም ከእግዚአብሔር የተሰጠ እንደ ሆነ ያስተምረናል። ለዚህ ሕመም የሚረዳው የመጀመሪያው መድኃኒት ክሎርፕሮማዚን እ.ኤ.አ. በ1952 በፓሪስ ከተማ በሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ፣ ሌሎችም በክኒንና በመርፌ የሚሰጡ ተገኝተዋል። በአገራችንም ሕክምናው ለብዙ ዘመን በአዲስ አበባ በአማኑኤል ሆስፒታል ተወስኖ ከቆየ በኋላ፣ ዛሬ በሌሎች ሆስፒታሎችና በብዙ ጤና ጣቢያዎች ይገኛል። ስለዚህ በጠበል ቦታ የምናገለግል ካህናት ሕመምተኛው መድኃኒቱን እንዲጥል ከቶ አንዘዝ። ሕመምተኛ ከጾም ግዴታ ነጻ ስለ ሆነም መድኃኒቱን በምግብ እንዲወስድ የነፍስ አባቱ ይፍቀድለት።

ሁለተኛ፤ እስራትንና ድብደባን እንተው። ከእነዚህ ሕሙማን አብዛኞቹ ሰውን አይጐዱም፤ ይልቁንም እነርሱ ይጐዳሉ። በቡታጅራ አካባቢ ለ10 ዓመት የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሰው ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድመው እንደሚሞቱ፣ ብዙዎቹም በተላላፊ በሽታ እንደሚሞቱ አሳይቷል። ይህም የመጣሉና የመረሳቱ ውጤት እንጂ የአእምሮው ሕመም ብቻ አይደለም።

ሦስተኛ፤ የሰማውን ድምፅ በተመለከተ አንከራከረው፤ አናፊዝበት፤ እኔም ሰምቻለሁ ብለንም አንዋሸው። «እኔ አልሰማሁትም፤ አንተ ግን እንደ ፈራህ አያለሁ፤ ከአንተ ጋር እቀመጣለሁ» ብንለው ይበቃል። ሞትን የሚመኝ ቃል ከአፉ ከወጣ ግን ሳንዘገይ ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ ሐኪም እናድርሰው።

አራተኛ፤ ወደ ወገኑ እንመልሰው። በሶዶ ወረዳ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሌላ ጥናት፣ ከመድኃኒቱ በተጨማሪ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ቤት ድረስ እየሄዱ ሲረዷቸው ሕሙማኑ ሥራቸውንና ኑሯቸውን የማከናወን ችሎታቸው እንደ ተሻሻለ አመልክቷል። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር ሊሆንብን አይገባም፤ የነፍስ አባትነት፣ ጽዋ ማኅበርና ዕድር ለዚህ የተዘጋጁ በሮች ናቸውና። በማኅበሩ ቀን ወንበሩ አይነሣ፤ ጽዋውም አይለፈው።

ያን ባልንጀራዬን ከብዙ ዓመት በኋላ አገኘሁት። በየወሩ መርፌ እየወሰደ የእናቱን ማሳ ያርስ ነበር። የገመዱ ጠባሳ በእጁ ላይ ነበረ። ይቅርታ በጠየቅሁት ጊዜ «አንተም አላወቅህም ነበር» አለኝ። እንግዲህ ወንድሞቼ ካህናት፣ እናንተም ምእመናን፤ ከዛሬ ጀምሮ አላወቅንም ለማለት አንችልም። እብድ፣ ልክፍተኛ የሚለውን ስም ትተን፣ ቤተ ክርስቲያን በጥምቀት ባወጣችለት ስም እንጥራው። እርሱ ራሱን ባጣ ጊዜ ስሙን የምንጠብቅለት እኛ ነንና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።