አሮጌ ጌም በአዲስ ኮምፒውተር፦ ኢሙሌተር እንዴት ይሠራል?



ባለፈው ሴሚስተር ፈተና ካለቀ በኋላ አንድ ወንድማችን ከታላቅ ወንድሙ ያገኘውን ፍላሽ ይዞ ዶርም መጣ። ፍላሹ ውስጥ በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኮማንደር ኪን» የተባለ ጌም የመጀመሪያ ክፍል አለ። ላፕቶፕ ላይ ሰክተን ስንከፍተው ዊንዶውስ ይህ ፕሮግራም በዚህ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም ብሎ መለሰን። ገረመን። ያ ጌም ሲሠራ የነበረው ከአንድ ሜጋባይት ባነሰ ሜሞሪ ነው፤ የእኛ ላፕቶፕ ስምንት ጊጋባይት አለው። ይህን ያህል የሚበልጥ ማሽን ትንሹ ሥራ እንዴት ያቅተዋል?

የጎደለው ጉልበት አይደለም። ጌሙ የተጻፈው ለ16 ቢት ፕሮሰሰርና ለዶስ ነው። የዛሬ ፕሮሰሰር በ64 ቢት ሲሠራ ድሮ የዶስ ፕሮግራሞች ይስተናገዱበት የነበረውን «ቨርቹዋል 8086» የተባለ አሠራር አይደግፍም፤ ማይክሮሶፍትም በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ የ16 ቢት ፕሮግራም ማስኬጃውን ትቶታል። በዚያ ላይ የዶስ ጌም ማንንም ሳያስፈቅድ የስክሪን ካርዱን፣ ኪቦርዱንና የሰዓት ቺፑን ራሱ በቀጥታ ያዛል። የዛሬ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ደግሞ ይህን ለማንም ፕሮግራም አይፈቅድም።

እዚህ ላይ ነው ኢሙሌተር የሚመጣው። ኢሙሌተር ማለት የድሮውን ማሽን በሶፍትዌር መልሶ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። መድረሳ የቀራን ሰዎች ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ሸይኹ ኪታብ ሲያቀሩ መትኑን አይነኩም፤ የዐረብኛውን ሐረግ ያነባሉ፣ ወዲያው በአማርኛ ይፈቱታል፣ ወደ ቀጣዩ ያልፋሉ። ኢሙሌተርም የጌሙን ፋይል አንድ ፊደል ሳይለውጥ አንዱን መመሪያ ያነባል፣ ምን ማለት እንደሆነ ይለያል፣ የዛሬው ፕሮሰሰር በሚገባው መልክ ይፈጽመዋል፣ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው ይሄዳል። ይህ ኢንተርፕሪተር ይባላል። አዝጋሚ ነው፤ አንድ ሐረግ ሺህ ጊዜ ቢደጋገም ሺህ ጊዜ ይፈታዋልና። ጎበዝ ደረሳ ግን ፍቺውን ከኪታቡ ኅዳግ ላይ ጽፎ ይይዛል፤ በሚቀጥለው ጊዜ እንደ አዲስ አይፈታም። ፈጣኖቹ ኢሙሌተሮችም አንድ ጊዜ የተረጎሙትን የኮድ ክፍል በሜሞሪ አስቀምጠው ያንኑ መልሰው ይጠቀሙበታል። ዳይናሚክ ሪኮምፓይሌሽን የሚባለው ይኸው ነው።

ትርጉሙ ብቻ ግን አይበቃም፤ ሰዓቱም አለ። ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው፤ እኛም ስተነው ነበር። በ1978 እ.ኤ.አ. ጃፓናዊው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ የሠራውን «ስፔስ ኢንቬደርስ» አስቡት። ጠላቶቹ ተመትተው ቁጥራቸው ሲያንስ የቀሩት እየፈጠኑ ይመጣሉ። ይህ መጀመሪያ የመጣው ከማሽኑ አቅም ነበር፤ ፕሮሰሰሩ በስክሪኑ ላይ የሚያንቀሳቅሰው ሲቀንስለት ፈጠነ፣ ሠሪውም ውጤቱን ወደደውና ተወው። ስለዚህ የጌሙ ጣዕም ከፊሉ ያለው በኮዱ ውስጥ ሳይሆን በኢንቴል 8080 ዝግታ ውስጥ ነው። ኢሙሌተሩ በዛሬ ፕሮሰሰር ፍጥነት ዝም ብሎ ቢለቀው ጨዋታው ገና ሳንነካው ያልቃል። ያ ማሽን በሰከንድ 2 ሚሊዮን ያህል ሳይክል ይሠራል፤ ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል። ስለዚህ ኢሙሌተሩ ለእያንዳንዱ ስዕል 33,333 ያህል ሳይክል ብቻ ይፈጽምና ቀሪውን ጊዜ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አዲሱ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው በመጠበቅ ነው ማለት ነው። (ለፈተና የምንዘጋጅበት ጊዜ እንደዚህ ቢተርፈን!)

ለዶስ ጌሞች የምንመክረው ዶስቦክስን ነው። በነፃ የሚሰጥና ኮዱ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። ከጫናችሁት በኋላ «ማውንት» በሚለው ትዕዛዝ የጌሙን ፎልደር የሲ ድራይቭ አስመስላችሁ ታሳዩታላችሁ፤ ከዚያ ወደ ሲ ገብቶ የጌሙን ስም መጻፍ ነው። ዶስቦክስ ለአሮጌ ጌሞች በሚሊሰከንድ 3000 ያህል መመሪያ በመፈጸም ይጀምራል። ጌሙ ከተንቀረፈፈ ኮንትሮልን ይዞ ኤፍ12 መጫን ያፈጥነዋል፤ ኤፍ11 ያዘገየዋል። ኮማንደር ኪን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተከፈተልን።

አሁን ወደ ከበደው ጥያቄ። ኢሙሌተሩ ራሱ ብዙ አያከራክርም፤ በአሜሪካ ሶኒ ኮኔክቲክስን በከሰሰበት ጉዳይ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2000 እ.ኤ.አ. የፕሌይስቴሽን ኢሙሌተር ለመሥራት ሲባል የማሽኑን አሠራር ማጥናት የተፈቀደ ነው ብሏል። ጥያቄው ጌሙ ላይ ነው። ኮማንደር ኪን አንድ ላይ ችግር የለም፤ ሠሪዎቹ የመጀመሪያውን ክፍል ሰው እንዲያባዛው በነፃ ለቀው ቀጣዮቹን ክፍሎች ነበር የሚሸጡት። ሌሎቹ ጌሞችስ? ዶርም ውስጥ አንድ ወንድም «ከገበያ የጠፋ ነገር እንደ ሉቀጣ ነው፤ ባለቤቱ ጥሎታል» አለ። ሌላው ወዲያው መለሰለት፦ «ሉቀጣ ባለቤቱ ያልታወቀ ነው። የዚህ ባለቤት ግን ጌሙ ሲከፈት መጀመሪያ ስክሪን ላይ ስሙ ተጽፏል።»

እኛም ወደ ሁለተኛው እናዘነብላለን። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1988 እ.ኤ.አ. በኩዌት ባደረገው 5ኛ ጉባኤ የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ ሐቅ መሆኑንና ሊጣስ እንደማይገባው ወስኗል። የአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች ይቆጥረዋል። በገዛ ገንዘባችን ከገዛነው ላይ ለመጠባበቂያ ኮፒ መያዝ ሌላ ነገር ነው፤ የሰው ሥራ በሺህ የሚቆጠር ጭነን ማከፋፈል ሌላ ነገር ነው። ፈትዋ እየሰጠን አይደለም፤ ዝርዝሩን ለኡስታዞቻችን እንተዋለን። ግን ሠሪዎቻቸው ራሳቸው በነፃ የለቀቋቸው ጌሞች ለአንድ ክረምት ከበቂ በላይ ናቸው።

ከመጫወት ይልቅ መሥራት የሚያስደስታችሁ ደግሞ በቺፕ-8 ጀምሩ። ይህን ቋንቋ ጆሴፍ ዋይዝቤከር በ1970ዎቹ ለትንንሽ ኮምፒውተሮች የሠራው ሲሆን መመሪያዎቹ 35 ብቻ ናቸው፤ ሜሞሪው 4096 ባይት፣ ሬጅስተሩ 16፣ ስክሪኑ 64 በ32 ነጥብ ነው። ፕሮግራሙ ከ512ኛው አድራሻ ይጀምራል። ሁለት ባይት ታነባላችሁ፣ የመጀመሪያውን አሃዝ አይታችሁ ትወስናላችሁ። ለምሳሌ በሄክሳዴሲማል 6325 ካነበባችሁ፣ 6 ማለት «አስቀምጥ» ነው፣ 3 የሬጅስተሩ ቁጥር ነው፣ 25 ደግሞ የሚቀመጠው ዋጋ፣ ማለትም በተለመደው አቆጣጠር 37። በ1 የሚጀምር ከሆነ «ወደዚህ አድራሻ ዝለል» ነው። በፓይተን የምትጽፉ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ የቺፕ-8 ሬጅስተር 8 ቢት ስለሆነ 255 ላይ 1 ሲደመር 0 መሆን አለበት፤ ፓይተን ግን በልበ ሙሉነት 256 ይላችኋል። በዚህ አንድ ስህተት ሁለት ሌሊት አጥተናል።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ለጨዋታ ብቻ ብለን አይደለም። ጌሙን ካስነሳን ከሳምንታት በኋላ የጀመዓውን ቁም ሳጥን ስናጸዳ ሁለት ፍሎፒ ዲስኮች አገኘን። የዚህችው መጽሔት የድሮ እትሞች ናቸው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደላቱን በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ በራሱ መንገድ ይደለድላቸው ነበር። ስለዚህ ፋይሉን ዛሬ ስንከፍተው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ብቻ አየን። የተጻፈበት ፕሮግራም ደግሞ በአዲሱ ዊንዶውስ ላይ አይነሳም።

ያው ከጌሙ የተማርነውን ሞከርን። መጀመሪያ በዩኤስቢ ፍሎፒ ማንበቢያ ዲስኩን አንድ ጊዜ ብቻ አንብበን ሙሉ ቅጂውን በፋይል ያዝን፤ አሮጌ ዲስክ ደጋግሞ ማንበብ ይጎዳዋልና። ከዚያ የድሮ ኮምፒውተር ሙሉ አካሉን በሚያስመስለው 86ቦክስ ላይ፣ ከአሮጌው የጀመዓ ኮምፒውተር ጋር በተገዛው ሲዲ ዊንዶውስ 98ን ጫንን፤ የአማርኛውንም ሶፍትዌር ከራሱ ዲስክ ጫንን። ፋይሉን ስንከፍት አማርኛው ወጣ፣ አልሐምዱሊላህ። የኢፍጣር ተረኞች ዝርዝር፣ ለአዲስ ገቢዎች የካልኩለስ ማጠናከሪያ ፕሮግራም፣ ከአንዲት እህት የተጻፈ ስለ ሂጃብና ስለ ላብራቶሪ ጋዋን የሚያወራ ጽሑፍ። ሁለት እህቶች ከስክሪኑ እያዩ በዩኒኮድ መልሰው ተይበውታል፤ በሚቀጥለው እትም ኢንሻአላህ እናወጣዋለን።

ሁለተኛው ዲስክ አልተነበበም። ማግኔቱ ደክሟል፤ ኢሙሌተር ማሽኑን እንጂ የጠፋውን ቢት አይመልስም። ቤታችሁ፣ ወይም ቀድመውን ከተመረቁ ወንድሞችና እህቶች ዘንድ፣ የጀመዓው ፍሎፒ ወይም ሲዲ ካለ ሳትከፍቱት አምጡልን። ማንበቢያው በእጃችን አለ፤ ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ በጀመዓው ቤተ መጻሕፍት እንገኛለን። ቺፕ-8 የጀመራችሁም ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ኑ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።