ስለ አጫጭር የፒያኖ ድርሰቶች አጠናን

ፒያኖ የሚማር ሰው መካከለኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ የጀማሪው መጽሐፍ ይቀለዋል፤ የታላላቆቹ ሊቃውንት ድርሰት ግን ገና ይከብደዋል። ተስፋ የሚያስቈርጠውም ይህ ጊዜ ነው። ለእንዲህ ያለው ተማሪ የሀንጋሪው ተወላጅ ቤላ ባርቶክ ከ1926 እስከ 1939 በፈረንጆች አቈጣጠር የደረሰው «ሚክሮኮስሞስ» መልካም መሸጋገሪያ ነው። 153ቱ ድርሰቶች በ6 መጻሕፍት ተከፍለው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳሉ፤ ለመካከለኛው ተማሪ የሚስማሙት 3ኛውና 4ኛው ናቸው።

ድርሰቱ አጭር ስለ ሆነ ቀላል አይምሰላችሁ። በ4ኛው መጽሐፍ የሚገኘው ቍጥር 113፥ «የቡልጋር ምት» የተባለው፥ በሁለት ቁም መስመሮች መካከል 7 አጫጭር ምት ይቈጠርበታል፤ እነርሱም 2፥ 2ና 3 ሆነው ይከፈላሉ። እዚህ ላይ የሚቸገረው ጣት ሳይሆን እኩል ምት የለመደው ጆሮ ነው። ስለዚህ ፒያኖው እንደ ተከደነ ይቈይና «አንድ ሁለት፥ አንድ ሁለት፥ አንድ ሁለት ሦስት» እያላችሁ «አንድ» በሚለው ላይ ብቻ አጨብጭቡ። ከሦስተኛው ጭብጨባ በኋላ ያለው ጊዜ ረዘም ይላል። (ወላጆችም ሳምንቱን ሙሉ ጭብጨባ ብቻ ቢሰሙ ልጁ ሰነፈ አይበሉ።) ይህ ሲለመድ ግራ እጅ ብቻውን፥ ቀጥሎም ቀኝ እጅ ብቻውን ይጠና።

ሁለቱ እጆች ሲገናኙ የሚጋጭ ድምፅ ቢሰማ፥ ደራሲው ሆን ብሎ የጻፈው ሊሆን ስለሚችል፥ ከማረም በፊት ገጹን መመልከት ነው።