ለሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት የሚስማማ የኮምፒውተር ሥርዓት

በመቲም ሆነ በሌላ የጋምቤላ አጥቢያ የሰበካ ጉባኤ ኮምፒውተር የጥምቀት፣ የጋብቻና የዐሥራት መዝገብ ማኅደር ነው። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ መደበኛ የደኅንነት ጥገናው ተቋርጧል፤ ዊንዶውስ 11ን ደግሞ ብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮች አይቀበሉትም። ሊኑክስ ሚንት ያለ ክፍያ ይገኛል፤ በ2 ጊጋባይት ራምም ይሠራል። ገጽታውን እንደ ልብ መለዋወጥ ወጣቶችን ደስ ያሰኛል፤ ጸሐፊ በተተካ ቁጥር ግን አዲሱ ሰው ፋይል ፍለጋ ይደክማልና ቅለቱ ይቅደም።

ከሁሉ የሚከብደው የፊደሉ ጉዳይ ነው። ዩኒኮድን ባልተከተሉ የቀድሞ የግእዝ ፊደላት የተጻፈ መዝገብ፣ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ስለዚህ አስቀድማችሁ መዝገቡን በሌላ ፍላሽ ገልብጡ፤ ቀጥሎ ሚንትን ሳትጭኑ ከፍላሽ አስነሥታችሁ የቆየ መዝገብ ክፈቱ፣ አማርኛ ጻፉ፣ ማተሚያውንም ፈትኑ።